ሽንኩርት የሌለበት ድስት

ድንቹ ሊበስል ጥቂት ሲቀረው በሩ ተንኳኳ።

መነጽር ሠሪው እጁን ከድስቱ ክዳን ላይ ሳያነሳ ባለበት ደረቀ። በበሩ ሥር የጎሰጎሰው እርጥብ ፎጣ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ መስኮቱም እንደተዘጋ ነው። ትንሿን የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሶኬቷ ነቀለ፤ ገና እንደጋለች ወደ ቆርቆሮ ሳጥኗ መልሶ ክዳኑን ገጠመ። ድስቱን በአሮጌ ሹራብ ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር፣ ከሻንጣው ኋላ ሸጎጠ። ይህን ሁሉ አንድም ነገር ሳያንኳኳ አደረገው፤ ተለማምዶታል።

"ማነው?" አለ፣ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ድምፁን አጎርንኖ።

"ማን እንዲሆን ፈልገህ ነው? እኔ ነኝ፤ ክፈት እስቲ።"

ፎጣውን በእግሩ ጎትቶ ከፈተ። አከራይዋ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። አጠር ያሉ፣ ወገባቸው ያልጎበጠ አሮጊት ናቸው። አገጫቸውን ከፍ አድርገው፣ የአፍንጫቸውን ቀዳዳ እንደ ፈረስ ነፍተው ክፍሉን ቃኙት። ዓይናቸው ከጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ሄደ፤ እዚያው ቆየ።

"ሽንኩርት ሸተተኝ" አሉ።

"ሽንኩርት?"

"ሽንኩርት ነዋ! አንተን አልሸተተህም?"

"ከጎረቤት ይሆናላ፣ እማማ።"

"የጎረቤቱንስ ከራሴ ቤት ለይቼ አውቀዋለሁ። መስኮትህ ደግሞ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያላበው?"

"የእኔ ትንፋሽ ነው። ዘግቼው ተኝቼ ነበር።"

"ያንተ ትንፋሽ ድስት ይጥዳል እንዴ!" አሉና ጣታቸውን አወዛወዙ። "ስማ ልጄ፣ ውል ውል ነው። አዳሪ እንጂ አብሳይ አላከራይም ብዬሃለሁ። ያ ተከራዬ የነበረው ሾፌርም እንዳንተ አንገቱን ደፍቶ 'እሺ እማማ' ይል ነበር። የት አለ አሁን?"

"ሄደ።"

"አዎ፣ ሄደ" አሉና ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ተመለሱ።

መነጽር ሠሪው በሩን ዘግቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የፈራው እንደ ወትሮው አልነበረም፤ አንድ ነገር አልገጠም ብሎታል። በዚህ ክፍል ውስጥ ሽንኩርት የለም። ይህን ክፍል ከተከራየ ወዲህ አንዲት ራስ ሽንኩርት በበሩ አልገባችም። ሽንኩርት ከዳተኛ ነው፤ ገና ቢላ ሲነካው ይጮኻል፣ ዘይት ሲያገኝ መንደር ይጠራል። ስለዚህ ከመጀመሪያውኑ አስወጥቶታል። ሌላውንም አንድ በአንድ ፈትኖታል፦ ቀቅሎ ክዳኑን ይገጥማል፣ ወደ ግቢው ወጥቶ ንጹሕ አየር ይስባል፣ ከዚያ ተመልሶ ልክ የሞረደውን መስታወት ብርሃን ላይ እንደሚያይ በሩ ላይ ቆሞ ያሸታል። እንቁላል አለፈ። ሩዝ አለፈ። ድንችና ምስር አለፉ። ጥቅል ጎመን ወደቀ። እነዚያን አራቱን እያፈራረቀ፣ በጨው ብቻ እየዋጠ ይኖራል። ምላሱ ጣዕም የሚባል ነገር ከረሳ ሰንብቷል።

ይህን የሚያደርገው ወዶ አይደለም። መነጽር ቤቱ የሚከፍለው ደመወዝ በአንድ እጁ ገብቶ በማዕዘኗ ምግብ ቤት በር ይወጣ ነበር። ቁርስ እዚያ፣ ምሳ እዚያ፣ ራት እዚያ። አስተናጋጁ ሲያየው "ጌታው፣ የዘወትሩ?" ይለዋል፤ እሱም በዘወትሩ ውስጥ የሚስቱና የልጁ ቤት ሟሙቶ እየጠፋ እንደሆነ እያወቀ ይጎርሳል። ሚስቱና ትንሿ ልጁ በሌላ ከተማ፣ በሚስቱ እናት ቤት ናቸው። ወደዚህ የሚመጡት ኩሽና ያለው ቤት ሲከራይ ነው፤ እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ የግማሽ ዓመት ኪራይ አስቀድሞ ካልተከፈለ ቁልፉን አያሳይም። እናትና ልጅ የሚተኙበትን ክፍል የሚስቱ ወንድም ለሚያገባት ሙሽራ ፈልጎታል። ሠርጉ ቅርብ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ክፍል መባረር የለበትም፤ ምግብ ቤትም ሊመለስ አይችልም። አንጀቱን አስሮ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ እንደ ሌባ ድንች ይቀቅላል።

ግን ሽንኩርት ከየት መጣ?

ድስቱን ከአልጋው ሥር እየጎተተ ሳለ ሾፌሩ የተባረረበት ቀን ትዝ አለው። አከራይዋ በሩን አንኳኩተው "ሥጋ ሸተተኝ!" ብለው ሲጮኹ፣ ሾፌሩ ወዲያው እጁን ሰጥቶ "ይቅር በሉኝ እማማ፣ ለዛሬ ብቻ ነው" ብሎ ነበር። ሻንጣውን ሲያወጣ ያገዘው መነጽር ሠሪው ነው። በክፍሉ ውስጥ ሥጋ አልነበረም። ሾፌሩ የጠበሰው ዓሣ ነበር።

ዓሣን ከሥጋ የማይለይ አፍንጫ! መነጽር ሠሪው ድንቹን ሳይልጥ በእጁ እንደያዘ ብዙ ቆየ።

* * *

እሑድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ቧንቧው ሥር ተቀምጦ ልብስ ያጥባል። አከራይዋ ከኩሽናቸው በር አጠገብ ወንበር አውጥተው፣ ጀርባቸውን ለተከፈተው መስኮት ሰጥተው ካልሲ ይጠቅማሉ። እየጠቀሙም ያወራሉ፤ ስለ ሳሙና መወደድ፣ ስለ ልጃቸው።

"ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፤ እንደ ወፍ። 'እማዬ ነይ እኔ ጋ፣ ይሄ ቤት ይሸጥ' ይለኛል። ገዥ ተገኝቷል አሉ። እኔ መሬት ረግጬ የኖርኩ ሰው፣ ሰማይ ላይ ምን ልሠራ?"

"ልክ ነዎት፣ እማማ።"

ያን ጊዜ ሸተተው። በመጀመሪያ የተቆላ ነገር ይመስል ነበር፤ ቀጥሎ መረረ። ከኩሽናው ነው። ምስር ውኃው አልቆ ድስቱን ሲይዝ የሚያወጣው ሽታ ነው፤ ያውቀዋል፣ እሱም አንድ ቀን አሳርሮ ሌሊቱን ሙሉ መስኮት ከፍቶ በብርድ አድሯል። አንገቱን ቀና አድርጎ አሮጊቷን አየ።

እሳቸው መርፌያቸውን ወደ ብርሃኑ አንስተው ክር ያስገባሉ።

መነሳት ነበረበት፤ አልተነሳም። እጁን ሳሙናው ውስጥ እንደነከረ ፊታቸውን ማየት ቀጠለ። ሽታው እየከረረ ሄደ፤ ጉሮሮውን ጫረው፤ አጥር ላይ የተኛችው ድመት እንኳ ተነስታ ሄደች። አሮጊቷ ግን ክሩን አስገብተው በደስታ ፈገግ አሉ። ወዲያው ከኋላቸው በመስኮቱ በኩል ቀጭን ጥቁር ጭስ ምላሱን አወጣ።

ያን ጊዜ ዘሎ ገባ። ድስቱ ሥሩ ቀልቷል፤ ከጎኑ የተሰቀለው የድስት መያዣ ጨርቅ ጠርዙ እየተኮማተረ ነው። የጋዙን ቁልፍ አዙሮ፣ ጨርቁን መሬት ጥሎ ረገጠው። ሲዞር አከራይዋ ካልሲው በእጃቸው እንዳለ በሩ ላይ ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ቆየህ?" አሉ ቀስ ብለው።

"ምን?"

"ሸቶህ ዝም ብለህ አየኸኝ ወይ?"

ሊዋሽ አፉን ከፈተና ተወው። "ጥቂት ቆየሁ።"

"እንግዲያው አወቅህ።" ወንበራቸውን ፈልገው ተቀመጡ። "ያ ክፉ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ ነው። ጉንፋኑ ሄደ፤ አፍንጫዬን ይዞ ሄደ። ሽታ የለ፣ ጣዕም የለ። ለልጆቼ አልነገርኩም። ብነግር በማግስቱ ይህን በር ሌላ ሰው ነው የሚከፍተው።"

"ታዲያ ሽንኩርት ሸተተኝ ያሉኝስ?"

"ሁሉም ቤት ሽንኩርት አያጣም ብዬ ነዋ!" አሉና ያለ ደስታ ሳቁ። "ጥፋተኛ ሰው ራሱ ይናዘዛል። አንተ ብቻ ነህ ያስቸገርከኝ።"

"ሽንኩርት ስላልነበረኝ ነው።"

"ምን ነበረህ?"

"ድንች።"

 መነጽር ሠሪው ምድጃዋን ገና እንደጋለች በሚደብቅባት ቆርቆሮ ሳጥን ላይ የተደረደሩት ሸሚዞቹ ታወሱት። የእሳቸው ክልከላ ክፋት መስሎት ኖሯል። ፍርሃት ነው። በእያንዳንዱ ክፍል ምድጃ ከተለኮሰ እኚህ ሴት ቤታቸው ሲነድ የሚያውቁት እሳቱ ሲፈጃቸው ነው። እሱ ደግሞ በዚሁ ቤት ውስጥ፣ በሩን በእርጥብ ፎጣ ደፍኖ እሳት ሲደብቅ ከርሟል።

"ምድጃዬን ዛሬውኑ አወጣታለሁ" አለ።

"አውጣት። እዚሁ ከእኔ ጋር አብስል። የአስቤዛውን ግማሽ ትከፍላለህ፤ ታሸትልኛለህ።" ካልሲውን ዘረጉት፣ መልሰው አጠፉት። "ነገሩ ግን ከዚህ ኩሽና አይወጣም። ለሚስትህም ቢሆን። ሴት ለእናቷ ትነግራለች፣ እናት ለመንደር።"

"ሆድ ከአገር ይሰፋል፣ እማማ።"

"አንተ የዓይን ሰው ነህ፣ እኔ አፍንጫ የለኝም። እንግዲህ ተዛዝለን እንያዛ።"

"አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል።"

"ተው እንግዲህ፣ ተረት አታብዛ፤ ድስቱን ፈግፍግ።"

* * *

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገነት ነበሩ። መነጽር ሠሪው ሽንኩርት ከተፈ፤ ነጭ ሽንኩርት ወቀጠ፤ በርበሬ ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። አሮጊቷ ጣዕሙ ባይመጣላቸውም እሱ ሲጎርስ ፊቱን እያዩ "ጨው አነሰው?" ይላሉ፤ "አላነሰውም" ካለ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ይበላሉ። በማዕዘኗ ምግብ ቤት በር ሲያልፍ አስተናጋጁ "ጌታው፣ ተጣላን እንዴ?" ይለዋል። የሚቀመጠው ገንዘብ አደገ። ለቤት ደላላው ደውሎ በወፍራም ድምፅ አነጋገረው።

ከዚያ በኋላ ማንኳኳቱ መጣ።

"ልጄ፣ ይሄን ወተት አሽትልኝ።"

"ደህና ነው፣ እማማ።"

ጥቂት ቆይተው፦ "ይሄ ሥጋ ከርሟል መሰለኝ።"

"አልከረመም።"

"ደህና አድርገህ አሽት እንጂ! ኪራይ እንደሚከፍል ሰው ነው እንዴ የምታሸተው?"

ብርድ ልብሱን አሸተተ። የቧንቧውን ውኃ አሸተተ። እንግዳ ሊመጣባቸው ሲል የብብታቸውን ሽታ የሚጠይቁት ሌላ ሰው ስላልነበራቸው፣ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ የለበሱትን ሹራብ እጅጌ ብቻ አቀረቡለት፤ አሸተተና "ሳሙና ሳሙና ይላል" አላቸው። ሥራ ቦታም ይደውላሉ። መስታወት እየሞረደ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሐል ይይዛል።

"ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ እማማ፣ እዚህ ሆኜ?"

"ጠዋት ስትወጣ ሸቶህ ነበር?"

"አልሸተተኝም።"

"እስቲ መጥተህ እየው።"

ይሄዳል። አለቃው ፊቱን ያጠቁርበታል። መምሸት ከጀመረ ከጓደኞቹ ጋር መንገድ ዳር እንኳ አይቆምም፤ እሳት የሚለኮሰው ያን ጊዜ ነው። ሚስቱንና ልጁን ለመጠየቅ መሄድ ካቆመ ሰነበተ። ሰበብ ሲያልቅበት የተናገረውን ሰበብ መልሶ ይናገራል።

"ሥራ በዝቶ ነው።"

"ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ዓይኑ ጠፋ እንዴ?" አለች ሚስቱ በስልክ። "ልጅቷ 'አባዬ ስልክ ውስጥ ነው የሚኖረው' ትላለች። ወንድሜ አልጋ ገዝቶ መጥቷል፤ ኮሪደር ላይ ነው ያቆመው። እየተሻገርነው ነው ሽንት ቤት የምንሄደው።"

"ትንሽ ታገሺ። ገንዘቡ እየሞላ ነው።"

"ገንዘቡ ሲሞላ አንተ ጎደልክ። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ሌላ ሴት ጋ ነው የምትበላው?"

ሊስቅ ነበር፤ ተወው። እውነት ነውና።

አንድ ቀን እሳቸው ሰሃን ሲያጥቡ ደፍሮ ጠየቀ። "እማማ፣ ሚስቴና ልጄ እዚሁ ክፍሌ ቢመጡስ? ሦስት አፍንጫ ይሆንልዎታል።"

"ልጅና እሳት? በፍጹም! እሳቱን እንኳ ተወው፣ የልጅ አፍ ክዳን የለውም። ጎረቤት ሄዳ 'አሮጊቷ አይሸታቸውም' ካለች አለቀልኝ፤ ልጄ በማግስቱ ውል ተፈራርሞ ይመጣል። ያኔ አንተስ የት ትገባለህ?"

"ታዲያ ቤት አግኝቼ የሄድኩ ቀንስ?"

አሮጊቷ የያዙትን ሰሃን ደጋግመው አጠቡት። "እሱን የዚያን ቀን እናወራለን" አሉ።

መነጽር ሠሪው ክፍሉ ገብቶ ተኛ፤ ጣሪያውን እያየም ነገሩን አሰበው። ካልቆጠበ ቤተሰቡን አያመጣም። ለመቆጠብ እዚህ መብላት አለበት። እዚህ የበላ ሰው ከዚህ መውጣት አይችልም።

* * *

በሠርጉ ዋዜማ ሳምንት ሚስቱንና ልጁን ሊጠይቅ ለመሄድ ቆረጠ። ቅዳሜ ከሥራ በጊዜ ወጣ፤ የሁለት ቀን ምግብ ሠርቶ በሰሃን በሰሃን ከድኖ ደረደረላቸው።

"እማማ፣ ነገ ማታ እመለሳለሁ። እስከዚያ እሳት እንዳይለኩሱ። ቀዝቃዛውን ይብሉ።"

"ቀዝቃዛ? ሬሳ ነኝ?"

"ለአንድ ቀን ነው። በልጄ ይዤዎታለሁ።"

"ሂድ፣ ሂድ። አንተ ሳትወለድ ሳበስል ነበር" አሉ፤ ቢሆንም ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ ያሉት መሰለው።

ሻንጣውን አንጠልጥሎ የውጭውን በር ሲከፍት የአሮጊቷን ልጅ ፊት ለፊት አገኘው። ጎልማሳ ነው፤ መኪናውን አጥሩ ሥር አቁሞ ቁልፉን በጣቱ እያዞረ መጣ።

"ወንድም፣ እንዴት ነህ? እማዬ አለች?"

"አሉ፤ ውስጥ ናቸው።"

"ቆይ እስቲ፣ ላንተም አንድ ነገር ልጠይቅህ።" ክንዱን ይዞ ወደ ግቢው መለሰው። "አብረሃት ነው የምትውል የምታድረው። ደህና ናት? በስልክ ሳዋራት የሆነ ነገር የምትደብቀኝ ይመስለኛል። እግሯን ነው? መርሳት ጀምራለች?"

"አይ... አይረሱም።"

"እውነቱን ንገረኝ። እኔ ክፉ ልጅ አይደለሁም። ብቻዋን ወድቃ እንዳላገኛት ነው የምፈራው። አንድ ነገር ካለ ይሄን ቤት ነገውኑ አስረክቤ ይዣት እሄዳለሁ፤ ገዥው እጄ ላይ ነው።"

መነጽር ሠሪው መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ሽታው ደረሰው። ዘይት ነው። ብቻውን ተጥዶ የተረሳ ዘይት። ልጃቸው እንደሚመጣ ሰምተው ኖሯል፤ ለልጅ ቀዝቃዛ ማቅረብ አልሆነላቸውም።

ልጁም አፍንጫውን ነፋ። "ምንድነው የሚሸተው?"

እየተሯሯጡ ገቡ። መጥበሻው ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፤ ጣሪያው አይታይም። መነጽር ሠሪው ጋዙን ዘጋ፣ መጥበሻውን በክዳን አፈነው። አሮጊቷ በኩሽናውና በሳሎኑ መሐል ባለው በር ላይ፣ ለልጃቸው ያወጡትን አዲስ የጠረጴዛ ልብስ በክንዳቸው ይዘው ቆመዋል። ጭሱን ያዩት አሁን ነው።

"እማዬ! ምን እየሠራሽ ነው? አልሸተተሽም?"

አሮጊቷ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ መነጽር ሠሪውን አዩ። ዓይናቸው በፍጥነት፣ እንደተከበበ እንስሳ ተመላለሰ።

"እሱ ነው!" አሉ። "ተከራዩ ነው። እንዳታበስል ብዬው፣ ውል አስገብቼው! ጥዶ ሊሄድ ነበር፤ ሻንጣውንስ አታየውም?"

 ልጁ ወደ መነጽር ሠሪው ዞረ። ፊቱ ተለውጧል።

"ያንተ ነው?"

መነጽር ሠሪው በሱቁ ውስጥ ደንበኛን አስቀምጦ አንዱን መስታወት ያስቀድማል፤ ከዚያ ሌላውን፤ "የትኛው ይሻላል? ይሄ ወይስ ይሄ?" ይላል። አሁን ለራሱ አደረገው። "አዎ፣ የእኔ ነው" ቢል፦ ውል አፍርሶ ቤት ሊያቃጥል የነበረ ተከራይ ነው፤ ዛሬውኑ ውጭ ነው። "የእኔ አይደለም" ቢል፦ ቤቱ ይሸጣል፤ እሱም ውጭ ነው። በሁለቱም መስታወት ራሱን ያው በር ላይ፣ ሻንጣውን ይዞ አየው። የሚለያየው የአሮጊቷ ቦታ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው፣ ጭስ በሞላበት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ካልሲ ይጠቅማሉ።

አሮጊቷ የጠረጴዛውን ልብስ ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ዓይናቸው ይለምነዋል።

"የእኔ አይደለም" አለ። "እማማ ሽታ አይሸታቸውም። ከጉንፋኑ ወዲህ ነው። ይሄ የመጀመሪያው አይደለም።"

ልጁ ግድግዳውን ተደገፈ። እናቱን አየ፤ ሊቆጣ የፈለገ ይመስል ነበር፤ ከዚያ ፊቱ የትንሽ ልጅ ፊት ሆነ። "እማዬ" አለ ብቻ።

አሮጊቷ ለልጃቸው አልመለሱም። ወደ መነጽር ሠሪው ተጠግተው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ቃሉን አንድ በአንድ አወጡት።

"የበላህበትን ወጪት ሰባሪ!"

"ልክ ነዎት፣ እማማ" አለ።

"ውጣልኝ ከኩሽናዬ።"

ወጣ። ልጁም ተከትሎት ወጣ፤ መኪናው ዘንድ ሄዶ ከእህቱ ጋር በስልክ ብዙ አወራ፤ ከዚያ እናቱ ጋ ተመልሶ ገባ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። "ነገ ከእህቴ ጋር እንመጣለን። አሁን ልውሰድሽ ብላት ቢላ ነው ያነሳችብኝ፤ የሽንኩርት ቢላ። አንተ..." ብሎ ጀመረና ምን ሊጠይቅ እንደነበር የጠፋው ይመስል ተወው። ሄደ።

መነጽር ሠሪው ግቢው መሐል ቆሞ ቀረ። አውቶቡሱ ገና አልሄደም፤ ቢሮጥ ይደርሳል። የሠራውን ሠርቷል፣ የሚናገረውን ተናግሯል፤ ከዚህ በኋላ በዚህ ቤት የሚያስረው ውል የለም። ወደ በሩ ተራመደ። ያን ጊዜ ከኩሽናው "ጣቅ... ጣቅ..." የሚል ድምፅ ሰማ፤ ቀጥሎ ጋዙ ሲቀጣጠል "ቡፍ" አለ። አሮጊቷ እሳታቸውን እንደገና ለኮሱ። እየተራገሙ ነው፤ ሰሃን ይወረውራሉ።

ስልኩ ጮኸ።

"ተሳፈርክ?" አለች ሚስቱ። ከኋላዋ የሰዎች ጫጫታ ይሰማል።

"አልተሳፈርኩም።"

"ምን? አሁንስ ምን ሰበብ አመጣህ?"

መንገዱን አየ፤ ከዚያ የተከፈተውን የኩሽና መስኮት።

"ሰበብ አይደለም። እሳት ተለኩሷል።"

"የማን እሳት? ምን ሆነሃል አንተ?"

"የአከራዬ። ቆይ፣ ስልኩን አትዝጊው" አለ። "ሌላ ሴት ጋ ነው የምትበላው ብለሽኝ ነበር አይደል? አዎ፣ ነበር። ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ቤቱም ለጊዜው አልተሳካም፤ እሱንም እነግርሻለሁ።"

በዚያኛው ጫፍ ጫጫታው ራቀ፤ በር ሲዘጋ ተሰማ። "እሺ" አለች ሚስቱ። "ንገረኝ።"

ሻንጣውን ከኩሽናው ደጃፍ አስቀምጦ ላዩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን ወደ በሩ አዞረ፤ አንድ ጊዜ በረዥሙ በአፍንጫው ሳበና ማውራት ጀመረ።